የአስም ፓፍ እንዴት ይሳባል? ከተሳበ በኋላስ ምን ይሠራል?

አስም ሲነሳ የአየር ቧንቧን የከበቡት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፣ ደረት ሲር ሲር ይላል። በእነዚህ ጡንቻዎች ላይ ቤታ 2 የሚባሉ ሪሴፕተሮች፣ ማለትም መልእክት ተቀባይ ፕሮቲኖች አሉ። የተፈጠሩት ለአድሬናሊን ነው፤ ፓፉ ውስጥ ያለው ሳልቡታሞል ግን አድሬናሊንን ስለሚመስል ይቀበሉታል። እነሱ ዘንድ ካልደረሰ ግን ዋጋ የለውም፤ አሳሳቡ ላይ የምንጨነቀው ለዚህ ነው።

1. ክዳኑን ከፍተው ፓፉን በደንብ ይነቅንቁት፤ ካልተነቀነቀ መጠኑ ይዛባል።

2. ቀና ብለው ይቀመጡና ትንፋሽዎን ያስወጡ።

3. የፓፉን አፍ በከንፈርዎ ግጥም አድርገው ይያዙ። ቀስ ብለው ወደ ውስጥ መሳብ እንደጀመሩ አንዴ ይጫኑ፣ መሳብዎን ሳያቋርጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀድሞ ይጫናል፣ የተረጨው ጉሮሮ ላይ ቀርቶ ከምራቅ ጋር ይዋጣል። እጅና ትንፋሽ አልገናኝ ካሉ ስፔሰር፣ ማለትም በፓፉና በአፍዎ መካከል የሚገባ ባዶ ቱቦ ይጠቀሙ። እሱ ከሌለ፣ ታጥቦ የደረቀ የግማሽ ሊትር ውኃ ፕላስቲክ ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ያገለግላል።

4. ትንፋሽዎን 10 ሰከንድ ያህል ይያዙ። ሁለተኛ ከታዘዘልዎ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ቆይተው እንደገና ከመነቅነቅ ይጀምሩ።

መድኃኒቱ ሪሴፕተሩ ላይ ሲያርፍ ሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ መልእክተኛ ይበዛል፣ ጡንቻው ይላላል። በደቂቃዎች ውስጥ ይቀልልዎታል፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓትም ይቆያል። እጅ መንቀጥቀጡና ልብ መምታቱ ከየት መጣ ካሉ፣ ተመሳሳይ ሪሴፕተሮች እጅና ልብ ላይም ስላሉ ነው። ፓፉ አንዴ ሲጫን የሚወጣው 100 ማይክሮግራም ሲሆን ባለ 4 ሚሊግራሙ የሳልቡታሞል ኪኒን ግን የዚህ 40 እጥፍ ነው፣ ያውም በደም አድርጎ መላ አካልን ይዞራል። እኔ ብሆን ፓፉን ነው የምመርጠው።

አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። ለልብ፣ ለማይግሬንና ለእንቅርት የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል እዚያው ሪሴፕተር ላይ ይቀመጣል፣ ግን አያሠራውም፤ ቦታውን ይዞ ሌላውን ይከለክላል። በአስም ታማሚ ላይ ቧንቧውን ሊዘጋ፣ ፓፉንም ሊያከሽፍ ይችላል። መድኃኒት በታዘዘልዎ ቁጥር አስም እንዳለብዎ ይናገሩ። አስቀድመው ጀምረውት ከሆነም በራስዎ ከማቋረጥ ይልቅ ቶሎ ሐኪምዎን ያግኙ።

ፓፉን በየቀኑ የሚፈልጉት ከሆነ ደግሞ ሪሴፕተሮቹ ከሴሉ ገጽ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ሳልቡታሞል የቧንቧውን ብግነት አያክምም፤ ለዚያ እንደ ቤክሎሜታሶን ያለ የሚሳብ ስቴሮይድ ስለሚያስፈልግ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ስበውም ትንፋሽዎ ካልተመለሰ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።