አሮጌ ቋሚ ፒያኖ ሲገዙ ውስጡን እንዴት ይፈትሻሉ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የተሠሩ ቋሚ ፒያኖዎች ዛሬም የሚፈለጉት ለቅርጻቸውና ለተቀረጸው እንጨታቸው ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ቁመታቸው ከ125 ሴንቲሜትር ይበልጣል። ፒያኖ ሲረዝም የባስ ክሮቹ ይረዝማሉ፣ ከክሮቹ ኋላ ሆኖ ድምፁን የሚያጎላው ሰፊ እንጨት፣ የድምፅ ሰሌዳው፣ ይሰፋል፤ ከአጫጭሮቹ ፒያኖዎች የማይገኘው ሙሉና ጥልቅ የባስ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ይሁን እንጂ ሳጥኑ ያማረ፣ ውስጡ ግን ያለቀለት ፒያኖም ሞልቷል። ስለዚህ ቫርኒሹን ትተው ከክሮቹ ይጀምሩ። የእጅ ባትሪ፣ ካቻቢቴና ስልክ ላይ የተጫነ የቅኝት መለኪያ ይበቃዎታል።

መጀመሪያ ቅኝቱን ይለኩ። ከመሃለኛው ዶ በላይ ያለችው ላ 440 ኸርዝ ማሳየት አለባት። 415 አካባቢ ካሳየች ፒያኖው በግማሽ ድምፅ ወርዷል። መውረዱ ብቻውን አያስደንግጥዎ፤ ሁሉም ቁልፎች እኩል ከወረዱ ለዓመታት ሳይቃኝ ቆይቷል ማለት ነው። የሚያሰጋው አንዱ ቁልፍ ከጎረቤቱ ተለይቶ ሲወርድ፣ ወይም የአንድ ቁልፍ ሦስት ክሮች እርስ በርስ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ያኔ ክሮቹ የተጠመጠሙባቸው መቃኛ ሚስማሮች መላላታቸውን ይጠርጥሩ።

ከ200 በላይ የሆኑት ክሮች በአንድ ላይ የሚስቡት ኃይል ከ15 እስከ 20 ቶን ይደርሳል። ሚስማሮቹ ሳይዞሩ ክሩን ወጥረው የሚይዙት ፒን ብሎክ በሚባለው ጠንካራ እንጨት ውስጥ ጠብቀው ስለተተከሉ ብቻ ነው። እንጨቱ በደረቅ ክፍል ውስጥ ሲከርም ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል፤ ዛሬ የተቃኘው ክር ከቀናት በኋላ ተመልሶ ይወርዳል። የላሉት ጥቂት ከሆኑ ወፈር ባሉ ሚስማሮች ይተካሉ። ብሎኩ በሙሉ ካለቀ ግን ጥገናው አብዛኛውን ጊዜ ከፒያኖው ዋጋ ስለሚበልጥ ይተዉት። ሻጩ ትናንት አስቃኝቶት ከሆነ ይህ ፈተና ብዙ አይነግርዎትም፤ ከተቃኘ ጥቂት ወራት ያለፈው ፒያኖ ይሻላል። አንዳንድ ሚስማሮች ከሌሎቹ ይልቅ አዲስ መስለው ካዩ፣ ወይም የክሩ ጥምጥም የብረት ፍሬሙን እስኪነካ ድረስ ተመትተው ከገቡ፣ ችግሩ ቀድሞም ነበረ።

ከዚያ ይክፈቱት። የላይኛውን ክዳን ያንሱ፤ የፊተኛው ሰሌዳ በግራና በቀኝ ባሉ መያዣዎች ይፈታል። ከቁልፎቹ በታች ያለውን ሰሌዳ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ስፕሪንግ ነው፤ ወደ ላይ ሲገፉት ሰሌዳው ይለቃል። የብረት ፍሬሙ እስከ ላይ ደርሶ ሚስማሮቹ ያሉበትን ክፍል የሚሸፍን ከሆነ መልካም ነው፤ ፍሬሙ ከሚስማሮቹ በታች የሚያበቃ ከሆነ ቅኝት የመያዝ አቅሙ ያንሳል። የባስ ክሮቹም በሌሎቹ ላይ አግድም ተሻግረው ቢያልፉ ይመረጣል፤ በዚያው ቁመት ረዘም ያለ ክር ይገባልና። ፍሬሙ ላይ ስንጥቅ ካገኙ ፍተሻው እዚያ ላይ ያበቃል። በዚያ ሁሉ ጉተታ ሥር ያለ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ተበይዶ ይጸናል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ጣት ሲነሳ ክሩን ነክተው ድምፁን የሚያቆሙትን ድምፅ ማፈኛዎች ሳይመለከቱ አይለፉ። ክሮቹን ከሚመቱት መዶሻዎች በላይ ተቀምጠው ፊት ለፊታቸው ረድፍ ሽቦ ከተደረደረ ጣት ቢነሳም ድምፁ ቶሎ አይቆምም፤ ማፈኛው ክሩን የሚነካው እምብዛም በማይርገበገብበት ጫፉ አጠገብ ነውና። ሽቦዎቹ ለቃኚውም እጅ ያስቸግራሉ። ማፈኛው ከመዶሻው በታች ያለውን ይምረጡ።

የድምፅ ሰሌዳውን ከጀርባ በባትሪ ይመልከቱ። ስንጥቅ ብቻውን ፒያኖ አይገድልም። ከጀርባው ያሉት አግዳሚ እንጨቶች ከሰሌዳው ከተላቀቁ ግን ሲጫወቱ እየነዘረ ይጮኻል። ክሮቹ በሚያርፉበት ድልድይ ላይ ክሩን የሚይዙትን ትናንሽ ፒኖች ተከትሎ የሄደ ስንጥቅ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ክሩ አጥብቆ የሚይዘው ያጣል፣ ድምፁም ይወላገዳል።

ቀጥሎ ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለውም ፈጥነውም ይጫኑ። የቆዩት ብዙ ጊዜ 85 ቁልፍ ነው ያላቸው፣ 88 አይደለም፤ ይህ ጉድለት አይደለም። ቁልፉ 10 ሚሊሜትር ያህል መውረድ አለበት። ወደ ጎን ሲነቀንቁት የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ከሥሩ ያለው ጨርቅ አልቋል። ተጣብቆ የሚቀር ቁልፍ ብዙ ጊዜ እርጥበት ያሳበጠው ነው፣ በቀላሉ ይስተካከላል። የመዶሻዎቹ ፌልት፣ ማለትም የተጠቀጠቀው የሱፍ ልባስ፣ በክሮቹ ተቦርቡሮ ድምፁ ቢሻክር በሞረድ ይቀረጻል፤ እንጨቱ ሊታይ ከደረሰ ግን መለወጥ አለበት። ብል የበላው ፌልት ካለ በየቦታው ሳይኖር አይቀርም።

ነጮቹ ቁልፎች ላይ ከጥቁሮቹ ፊት ለፊት ቀጭን የመጋጠሚያ መስመር ካለ የዝሆን ጥርስ ሊሆን ይችላል። ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተገደበ ስለሆነ ድንበር ከማሻገርዎ በፊት ሕጉን ያጣሩ።

ፒያኖው ቤት ከገባ በኋላ ወዲያው አያስቃኙት፤ ከክፍሉ አየር ጋር እስኪለማመድ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይተዉት። ፀሐይና ማሞቂያ በማያገኙት ግድግዳ በኩል ያቁሙት፣ እርጥበቱም ከ40 እስከ 60 በመቶ ይሁን። በግማሽ ድምፅ የወረደውን በአንድ ጊዜ ወደ 440 መጎተት ዝገት የነካቸውን ክሮች ሊበጥስ ይችላል፤ ጥሩ ቃኚ መጀመሪያ በግርድፉ አንስቶ ከሳምንታት በኋላ ያጠራዋል፣ ክሮቹ በጣም ካረጁም ትንሽ ዝቅ አድርጎ መተውን ሊመርጥ ይችላል።