የደጋ ብርድ ቺለር አያስቀርም፦ በአየር የሚቀዘቅዝ ቺለር እንዴት ይሠራል? እንዴትስ ይመረጣል?

ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካ የሚተክል ሰው ቺለር ልገዛ ነው ሲል «ብርዱ አነሰህ እንዴ?» የሚለው አይጠፋም። የውጭው ብርድ ግን የፈላ ወተት በደቂቃ ውስጥ አያበርድም።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ቺለር የሚያቀዘቅዘው ውሃ ነው። ብዙ ጊዜ 12 ዲግሪ ሆኖ የገባው ውሃ 7 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል። የውሃውን ሙቀት በኢቫፖሬተሩ (ውሃውና ማቀዝቀዣ ጋዙ ሳይቀላቀሉ ሙቀት በሚለዋወጡበት ክፍል) ውስጥ ጋዙ ይቀበለዋል፤ ኮምፕረሰሩ ጋዙን ጨምቆ ወደ ኮንደንሰሩ ይልከዋል፤ እዚያ ፋኖቹ ሙቀቱን ወደ ውጭ ያባርሩታል። በማማ፣ ማለትም ውሃ እያተነነ ሙቀት በሚያስወጣ ግንብ፣ ከሚቀዘቅዘው ዓይነት ጋር ሲተያይ መብራት በዛ አድርጎ ይበላል፤ ግን ውሃ አይጨርስም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ ልኩን አስሉ። በሰከንድ 1 ሊትር ውሃ በ5 ዲግሪ ለማውረድ 21 ኪሎዋት ገደማ የማቀዝቀዝ አቅም ይፈልጋል። ካታሎጉ በቶን ከጻፈው 1 ቶን 3.5 ኪሎዋት ያህል ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ከፍታው ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ቅዝቃዜው የተወሰነውን ያካክሳል፤ ቀሪውን ግን በግምት አይተዉትም። ሻጩን «በዚህ ከፍታ ስንት ኪሎዋት ይሰጣል?» ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱት። ቆላማዋ ሸዋ ሮቢት ከሆናችሁ ደግሞ ጥያቄው ይገለበጣል፤ እዚያ ፈተናው የቀትር ሙቀት ነው።

ስትተክሉት ከግድግዳ አርቁት፤ ከፋኑ በላይም ጣሪያ አይኑር። የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ከሳበ አለቀለት።

ደጋው ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ አለ። እሁድ ማታ ቆሞ ያደረ ቺለር ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ቧንቧ ይፈነዳል፤ ሲብስም ኢቫፖሬተሩ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ግላይኮል፣ ውሃው በቀላሉ በረዶ እንዳይሆን የሚያደርግ ፈሳሽ፣ ይቀላቀልበት። ምግብና መጠጥ ለሚያመርት ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው፤ የመኪናው ፀረ በረዶ መርዝ ስለሆነ አይታሰብም።

እህል በሚወቃበት ወቅት ገለባና አቧራ ኮንደንሰሩን ይደፍነዋል። መብራቱን አጥፉና በቀስታ ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ እጠቡት። የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ አታስጠጉ፤ ስስ የአሉሚኒየም ክንፎቹን ያጣምማቸዋል። ግፊት በዝቶበት ከቆመም «ጋዝ ጨምሩልኝ» ከማለታችሁ በፊት ኮንደንሰሩን እዩ። ተደፍኖ ከሆነ የተጨመረው ጋዝ ግፊቱን ያባብሰዋል።