ሃርድ ዲስካችሁ ቀጭ ቀጭ ካለ መጀመሪያ ፎቶውን አውጡ

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ ከኮምቦልቻ ደሴ መጣ። «ትንሽ ይጮኻል እንጂ ይሠራል» አለኝ። ውስጡ የሰርጉ ፎቶ አለ፣ የሟች አባቱ ቪዲዮ አለ። ሌላ ቦታ ኮፒ አለህ ወይ ስለው ዝም አለ። ስለዚህ ምርመራውን ትተን መጀመሪያ ፋይሉን አወጣን። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። ዛሬ የሚጮኽ ዲስክ ነገ ላይነሳ ይችላል፣ ረጅም ምርመራ ደግሞ ራሱ ያደክመዋል። የማይተካውን አስቀድሙ። ፊልምና ዘፈን ይቆይ፣ እሱ ከሰው ይገኛል።

ከዚያ ድምፁን ለዩ። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው አቧራ የጠጣ ፋን ነው። ጆሯችሁን ዲስኩ ወዳለበት አስጠጉ። ፋይል ሲከፈት ብቻ የሚሰማ ለስለስ ያለ ጭርጭርታ የጤና ነው፤ የማንበቢያው ክንድ ወዲያ ወዲህ ሲል የሚያሰማው ነው። ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ እያለ በእኩል ልዩነት የሚደጋገም ከሆነ ግን ክንዱ ቦታውን ፈልጎ እያጣ፣ ተመልሶ እንደገና እየሞከረ ነው ማለት ነው። እንደ ወፍጮ የሚፈጭ ድምፅ ከሁሉም የከፋ ነው፤ በክንዱ ጫፍ ያለው የማንበቢያ ጭንቅላት ፋይሉ የተጻፈበትን ሳህን እየፋቀው ሊሆን ስለሚችል ወዲያው አጥፉት፣ ደግማችሁ አታስነሱት። በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ዲስክ ከሆነ ደግሞ አብሽሩ፣ መጀመሪያ ኬብሉንና መሰኪያውን ቀይሩ። በቂ ኃይል ያልደረሰው ዲስክም ቀጭ ቀጭ ይላል።

የደሴ ከፍታ ነው እንዴ የሚያበላሸው ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አብዛኞቹ ዲስኮች ደግሞ እስከ 3,000 ሜትር እንዲሠሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የሚጎዳቸው መብራት ድርግም ሲልና እየተሽከረከሩ ሲናወጡ ነው። ላፕቶፑን ሳታጠፉ ቦርሳ ውስጥ ከታችሁ የሐረጎን ጠመዝማዛ አትውረዱ።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ ወደ ቁጥሩ እንሂድ። ዲስክ የራሱን ጤና ስማርት በሚባል መዝገብ ይይዛል። በዊንዶውስ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጫኑና ክፈቱት። ሰማያዊ ደህና ነው፣ ቢጫ ማስጠንቀቂያ፣ ቀይ አደጋ። ቀለሙን ብቻ አትመኑ፣ ሦስት መስመሮችን እዩ፦ 05፣ ሲ5 እና ሲ6። 05 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎች ብዛት ነው። ሲ5 ዲስኩ ማንበብ ተቸግሮ ገና ውሳኔ ያልሰጠባቸው፣ ሲ6 ደግሞ ሞክሮ ያቃተው። ሦስቱም ዜሮ ቢሆኑ ደስ ይላል። 05 ላይ ትንሽ ቁጥር ኖሮ ለወራት ካልጨመረ ዲስኩ ሊቆይ ይችላል፣ በየሳምንቱ ከጨመረ ግን እየሞተ ነው። ሲ7 ብቻውን ካደገ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ፕሮግራሙ ቁጥሩን የሚያሳየው በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም በአሥር ፋንታ በ16 እየቆጠረ ስለሆነ 10 ብሎ ቢያሳያችሁ 16 ማለት ነው። ሊኑክስ ላይ ስማርትሞንቱልስ ያው ሥራ ይሠራል፣ መስመሮቹ 5፣ 197 እና 198 ተብለው ነው የሚመጡት።

ቁጥሩ ንጹሕ ሆኖ ቀጭታው ካልቆመ ጆሯችሁን እመኑ። ስማርት ምንም ሳይናገር የሚሞት ዲስክ ብዙ ነው።

በታመመ ዲስክ ላይ የዊንዶውስን ቼክዲስክም (ስህተት ፈልጎ የሚያርመውን) ዲፍራግም (ፋይል የሚያደራጀውን) አታስኬዱ፣ ያባብሱታል። ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት የሚላችሁን አትስሙ። መክፈትማ ፈጽሞ! በጭንቅላቱና በሳህኑ መካከል ያለው ክፍተት ከአንዲት የአቧራ ብናኝ ያንሳል።

ምትክ ስትፈልጉ አቅም ካለ ኤስኤስዲ ግዙ፣ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ከሆነ የምትገዙት፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ሰክታችሁ በዚያው ፕሮግራም የሠራበትን ሰዓት እዩ። አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ ቢሠራ 8,760 ሰዓት ነው። «ብዙም አልተነካም» የተባለው ዲስክ 30,000 ሰዓት ካሳየ መልሱለት።