ሙቅ ኮምፖስት እቤት ስትሰሩ እነዚህን አትሳሳቱ (በተለይ የድሬና የሐረር ሰዎች)

ድሬ ላይ ሙቅ ኮምፖስት (ልጣጭና ቅጠል በተከደነ በርሜል ውስጥ በራሱ ሙቀት በስብሶ የሚሆን ማዳበሪያ) እሰራለሁ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ምን መሰላችሁ፣ በርሜሉን ወስዶ ፀሐይ ላይ መገተር፣ "ሙቀት አይደል የሚፈልገው፣ እሱ እንደሆነ ሞልቶናል" ብሎ። አቦ እንደዛ አይደለም! ሙቀቱ የሚመጣው ከውስጥ ነው፣ ባክቴሪያዎቹ ልጣጩንና ቅጠሉን ሲበሉ ራሳቸው ያወጡታል፣ የበርሜሉ ድርብ ግድግዳ ደግሞ እሱን ይዞ ማቆየት ብቻ ነው ስራው። ፔርሙዝ ሻይ አያፈላም፣ የፈላውን ነው የሚያቆየው። ስለዚህ ጥላ ስር አስቀምጡት።

ድርብ ግድግዳ ስል ውድ ነገር አይደለም፣ ትልቅ በርሜል ውስጥ ትንሽ በርሜል ከትቶ መሃሉን ሰጋቱራ ወይም ጭድ መጠቅጠቅ ነው። የተበላሸ ፍሪጅም ይሆናል፣ ግን ጋዙን መጀመሪያ ባለሙያ ያውጣላችሁ፣ ቱቦውን ራሳችሁ እንዳትቆርጡ። ፍሪጅ ላይ ሰው የሚሳሳተው በሩ ላይ ያለው ጎማ አየር እንደማያሳልፍ ረስቶ ዝም ብሎ ሞልቶ ሲዘጋው ነው፣ ኦክስጅን ከሌለ አይሞቅም፣ ይሸታል እንጂ። ከታች በደንብ ብሱት፣ ከላይም ትንሽ መውጫ ተዉለት፣ ስሩ ላይ ደግሞ የገረባ (ተቅሞ የተረፈ ጫት) እንጨት በትኑበት፣ ከዛ በኋላ እየረገጣችሁ አትጠቅጥቁት።

ውሃ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሜዳ ላይ የተከመረ ኮምፖስት ድሬ ላይ ቶሎ ስለሚደርቅ ሰዉ ማጠጣት ለምዷል፣ በዛው ልማድ የተከደነውንም ያጠጣዋል። የተከደነው ግን እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል፣ ፓፓያና ማንጎ ልጣጭ ሲጨመርበት ደግሞ ራሱ ውሃ ነው። በእጃችሁ አንድ ጭብጥ አውጥታችሁ ጭመቁት፣ ጠብ ጠብ ካለ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል፣ ከተበተነ ደርቋል። ከበዛ ካርቶንና የእንቁላል ትሪ ቀዳዳችሁ ቀላቅሉበት።

ካርቶኑ ለሌላም ነገር ያስፈልጋል። የወጥ ቤት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ እርጥብ ቅጠል ብቻውን ናይትሮጅን ይበዛበታል፣ የሚፈለገው ለ1 ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 ካርቦን ነው፣ ሚዛን ይዞ የሚለካ ስለሌለ ለአንድ ባልዲ ልጣጭ ከግማሽ እስከ አንድ ባልዲ ደረቅ ነገር በሉት። እኛ ጋ ደረቅ አይጠፋም፣ የባቢሌ ለውዝ ቅርፊት አለ (ቶሎ አይበሰብስም ግን አየር ይይዛል)፣ የጫት እንጨትም አለ፣ ብቻ አጠር አድርጋችሁ ክተፉት፣ ቅጠሉን ለፍየሎቹ ተዉላቸው።

በየቀኑ አንድ የሙዝ ልጣጭ ወርወር ማድረግም አያሞቀውም። ቢያንስ 40 ሳንቲሜትር ከፍታ እስኪኖረው ሙቀት አትጠብቁበት፣ ከዛም በባልዲ እያጠራቀማችሁ ከደረቁ ጋር ቀላቅላችሁ በሳምንት ሁለቴ ጨምሩ። ቴርሞሜትር ከሌለ ፌሮ መሃሉ ላይ ሰክታችሁ አስር ደቂቃ ቆይታችሁ አውጡት፣ ጨብጣችሁ መያዝ ካቃታችሁ ሰርቷል። ጥሩው ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ነው፣ ከ70 ካለፈ የሚሰሩትም ይሞታሉ፣ ያኔ ገልበጥ አድርጉት።

አመድ በብዛት አትድፉበት፣ ናይትሮጅኑን አሞኒያ አድርጎ ያበነዋል፣ አይን የሚያቃጥለው ሽታ እሱ ነው። አጥንትና ስጋም ይቅር፣ ሐረር ያላችሁ ደግሞ ምክንያቱን አልነግራችሁም፣ ማታ ጅቡ ራሱ ይነግራችኋል።

የፍየል በጠጥ ግን አስቡበት። ጥሩ ነገር ነው፣ ችግሩ ሜዳ የሚውል ፍየል የፕሮሶፒስ (እሾሃማው ወራሪ ዛፍ) ፍሬ ይበላል፣ ዘሩ ሳይፈጭ ይወጣል፣ በደንብ ያልሞቀ ኮምፖስት ደግሞ አይገድለውም፣ ከዛ ቲማቲም መደባችሁ ላይ እሾህ ስትነቅሉ ትኖራላችሁ። እቤት ገረባ የምትበላ ፍየል በጠጥ ይሻላል፣ እሱንም ጠርዝ ላይ ሳይሆን መሃል ክተቱት።

መጨረሻ ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። ሙቀቱ ወረደ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም፣ ሁለት ሶስት ወር ይብሰል። መድረሱን ለማወቅ በቆርቆሮ ትንሽ ኮምፖስት አድርጋችሁ ፌጦ ዝሩበት፣ ጎን ለጎን ደግሞ ተራ አፈር ላይ እንደዛው፣ ፌጦ በጥቂት ቀን ይበቅላል፣ ኮምፖስቱ ላይ ያለው ከቀረ ወይ ከቀጨጨ ገና ጥሬ ነው፣ መልሱትና ክደኑት።