ሪስታርት ይበቃል ወይስ እንደገና ቢልድ?

ቅዳሜ ከሰዓት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ አዝዤ ቁጭ ብያለሁ። ስልኬ ጮኸ። ዌብሳይት የሠራሁላቸው የሆቴል ባለቤት ናቸው፤ "ልጄ፣ አዲሱ ዋጋ ዛሬም አልወጣም እኮ" አሉኝ። እኔ ደግሞ ጠዋት ሰርቨሩ ላይ ጊት ፑል አድርጌ (አዲሱን ኮድ አውርጄ)፣ አፑን አሽጎ ለሚያሠራው ፕሮግራም ለዶከር ደግሞ ዶከር ኮምፖዝ ሪስታርት ብዬ (አጥፍተህ አስነሳ ብዬ)፣ ጨረስኩ ብዬ ነበር ከቤት የወጣሁት። ላፕቶፔን ከፍቼ እንደገና ሪስታርት አደረግኩ። ያው ነው። አሁንም ደገምኩ። ያው!

ከዛ ነው ዶከር ፒኤስ ብዬ እየሠሩ ያሉትን ኮንቴይነሮች ዝርዝር ያየሁት። "ክሪኤትድ" የሚለው ስር ሦስት ሳምንት ይላል፣ "ስታተስ" ስር ደግሞ ሁለት ደቂቃ። ኮንቴይነሩ (አፑ የሚሠራበት ሳጥን) የድሮው ነው፣ ያስነሳሁት ብቻ ነው አዲስ። ያደረ ሽሮ አሥር ጊዜ ብታሞቁት ዶሮ ወጥ አይሆንም።

ስለዚህ እጃችሁ ወደ ኪቦርዱ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የቀየርኩት ነገር አፑ ውስጥ የሚገባው መቼ ነው?

ኮዱ ኢሜጁ ውስጥ (ኮንቴይነሩ የሚፈጠርበት የታሸገ ቅጂ ውስጥ) ኮፒ የሚደረግ ከሆነ፣ ወይ አዲስ ፓኬጅ ከጨመራችሁ፣ ወይ ዶከርፋይሉን (ኢሜጁ እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈበትን ፋይል) ከነካችሁ፣ ቢልድ ነው፤ ኢሜጁን እንደ አዲስ መሥራት ማለት ነው። ሌላ መንገድ የለም።

የኢንቫይሮንመንት ፋይል (የአፑ ሴቲንግ የሚቀመጥበት) ብቻ ከሆነ የቀየራችሁት ቢልድ አያስፈልግም፤ ሪስታርት ግን አያነበውም። ኮንቴይነሩ እንደ አዲስ መፈጠር አለበት። ዶከር ኮምፖዝ "አፕ" በሰረዝ "ዲ" በሉት፣ ለውጡን አይቶ ራሱ ይፈጥረዋል። ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን ፍሮንትኤንድ (ብራውዘር ላይ የሚታየው ክፍል) ላይ ነው። በቪት (የፍሮንትኤንድ መሥሪያ መሣሪያ) የሠራችሁት ከሆነ የኤፒአይ አድራሻው (ገጹ ከሰርቨሩ ዳታ የሚጠይቅበት) ቢልድ ሲደረግ ጃቫስክሪፕቱ ውስጥ ተጽፎ ያልቃል፤ በኋላ ፋይሉን ብትቀይሩት፣ ኮንቴይነሩን አሥር ጊዜ ብትፈጥሩት፣ ብራውዘሩ የድሮውን አድራሻ ነው የሚጠራው።

ሪስታርት የሚበቃው አፑ ሲነሳ ብቻ የሚያነበው፣ ከውጭ የተያያዘ ፋይል ሲቀየር ነው። ወይ ደግሞ አፑ ዝም ብሎ ሲደርቅ። በየቀኑ የሚደርቅ ከሆነ ግን ሚሞሪ የሚበላ ነገር ሊኖር ይችላል፣ እሱን ፈልጉ።

ቢልድ የምንፈራው ስለሚቆይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዶከርፋይሉ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የፓኬጅ ፋይሎቹን ብቻ ኮፒ አድርጉ፣ ቀጥሎ ኢንስቶል፣ ኮዱ መጨረሻ ላይ ይግባ። አለበለዚያ አንዲት ነጠላ ሰረዝ በቀየራችሁ ቁጥር ሁሉም ፓኬጅ ከዜሮ ይወርዳል። ካሽ (ካለፈው ቢልድ የተቀመጠውን) የሚያጠፋውን ትእዛዝ በድንጋጤ አትጠቀሙበት።

ሐዋሳ ሆናችሁ ውጭ ያለ ሰርቨር ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ቲመክስ (ግንኙነት ቢቋረጥም ሰርቨሩ ላይ ሥራ የሚያስቀጥል ፕሮግራም) ውስጥ ገብታችሁ ነው ቢልድ ማስጀመር ያለባችሁ። መብራት ቢሄድ ወይ ኔትወርክ ቢቆረጥ እዛ ያለው ሥራ ይቀጥላል።

አሠራሩ ላይ፦ መጀመሪያ ቢልድ ብቻ። የድሮው እየሠራ ይቆያል። ሲያልቅ "አፕ" በሉት፣ የሚቋረጠው ለትንሽ ሰከንድ ነው። ሰርቨሩ አንድ ጊጋ ራም ብቻ ካለው ግን ቢልዱ ራሱ አፑን ሊጥለው ይችላል፣ እንግዳ በሚበዛበት ሰዓት አትሞክሩት። እና ከመጀመራችሁ በፊት ለድሮው ኢሜጅ የራሱ ታግ (መለያ ስም) ስጡት፤ አዲሱ ከተበላሸ ወደሱ የምትመለሱት በስሙ ነው።

የሆቴሉ ዋጋ በአራት ደቂቃ ወጣ። ዓሣው ቀዝቅዞ ጠበቀኝ።