ለቪዛ ከታይላንድ ወደ ላኦስ፦ የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታይላንድ ውስጥ እንግሊዝኛ የማስተማር ሥራ ያገኘ ሰው፣ ይዋል ይደር እንጂ ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር አንድ መልእክት ይደርሰዋል፦ «ላኦስ ደርሰህ ቪዛህን አውጥተህ ተመለስ።» ብዙው አስተማሪ የገባው በቱሪስትነት ነው። ሥራውን ያገኘው እዚያው ከደረሰ በኋላ ነው። ለመሥራት ግን «ኖን ቢ» የሚባለው ቪዛ ያስፈልገዋል፣ እሱን የሚሰጡት ደግሞ በዋናነት ከአገሪቱ ውጭ ያሉ የታይላንድ ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ናቸው። ቅርቡ ላኦስ ነው፤ ቪየንቲያን ወይም ሳቫናኬት። ሰዉ «ቪዛ ራን» የሚለው ይሄን ወጣ ብሎ መመለስ ነው።

መንገዱ አይከብድም። ከባንኮክ የማታ ባቡር ትይዛላችሁ፣ ጠዋት ድንበሩ ጋ ያለችው ኖንግ ካይ ናችሁ፣ በ1994 የተከፈተውን የወዳጅነት ድልድይ በአውቶቡስ ተሻግራችሁ ሜኮንግ ወንዝን አለፋችሁ ማለት ነው። ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም የሚከስረው ከድልድዩ ወዲህ ሳለ ባልጨረሰው ጉዳይ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ባንኮክ ቁጭ ብሎ የሚሠሩ ናቸው።

ፖስታውን ሳይከፍቱ መነሳት

ትልቁ ይሄ ነው። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ፖስታ ትሰጣችኋለች። ፖስታው ወፍራም ነው፣ ማህተም በማህተም ነው፣ ታይኛ ስለሆነ ግን ውስጡ ምን እንዳለ አታውቁም፣ «ሁሉም አለ» ስትላችሁ አመስግናችሁ ትወጣላችሁ። እንዲህ አይደረግም። ታይኛ የሚያነብ የሥራ ባልደረባ አጠገባችሁ አስቀምጡና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እዩ።

ከዩኒቨርሲቲ በታች ለሚያስተምር ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ይሄ ነው፦ ትምህርት ቤቱ የተቀበላችሁ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤቱ ፈቃድና መግለጫ፣ የትምህርት ማስረጃችሁ፣ ሲቪ፣ ከወንጀል ነጻ መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ፣ እና ከመንግሥት አካል የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ። ይሄ የመጨረሻው ነው ብዙ ጊዜ የሚጎድለው። ለግል ትምህርት ቤት የግል ትምህርት ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት፣ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ የመሠረታዊ ትምህርት ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት ይጽፈዋል። ጊዜ ስለሚወስድ አንዳንድ ትምህርት ቤት ያለሱ ይልካችኋል፤ ካለፋችሁ አለፋችሁ፣ ካላለፋችሁ ግን የሆቴሉን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ደብዳቤው ካልመጣ አትንቀሳቀሱ። ይሉኝታ እዚህ ጋ አይጠቅምም።

ፊርማውንም እዩ። የፈረመው ምክትሉ ወይም የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊው ከሆነ፣ የመፈረም ሥልጣን አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በቀጣሪ ኤጀንሲ በኩል የገባችሁ ደግሞ ኮንትራቱ ላይ ያለው አሠሪና ደብዳቤውን የጻፈው ድርጅት አንድ መሆናቸውን አረጋግጡ። ኮንትራቱ የኤጀንሲው ሆኖ ደብዳቤው የትምህርት ቤቱ ከሆነ ጥያቄ ያስነሳል፣ ማስነሳቱም ተገቢ ነው፤ የሥራ ፈቃዱ ላይ የሚጻፈው አሠሪ በትክክል የምትሠሩለት መሆን አለበትና።

የኛ ሰው ስም ጣጣ

ይሄ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ ወይም ዲግሪውን አገር ቤት ለያዘ ሰው ነው። ፓስፖርታችን እስከ አያት ይሄዳል። ዲግሪው ላይ የአያት ስም ላይኖር ይችላል። የላቲን አጻጻፉ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ነው፤ ጸጋዬን አንዱ በ«ቲ» እና «ኤስ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ። እኛ አንድ ሰው መሆኑን እናውቃለን፣ የቪዛ ሠራተኛዋ ግን የምታየው ሁለት የተለያዩ ስሞች ነው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለን የማወቅ ግዴታም የለባትም።

ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሳትወጡ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲያችሁ አውጡ፣ ከዲግሪውና ከትራንስክሪፕቱ ጋር ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጡት። የማመልከቻ ፎርም ስትሞሉ ስማችሁን የምትገለብጡት ከፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ ካሉት፣ ማሽን ከሚያነባቸው ሁለት መስመሮች ነው። እዚያ እንዳለ፣ አንድ ፊደል ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ።

ቀኑንም እዩ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ የተጻፈ የቆየ ሰነድ ካላችሁ የትርጉም ቢሮው ወደ ፈረንጆቹ መቀየሩን አረጋግጡ፤ አለዚያ ሲቪው በ2017 ተመረቅሁ እያለ ማስረጃው 2009 ይላል። ከወንጀል ነጻ የሚለውንም ማስረጃ ከፌዴራል ፖሊስ ይዛችሁ ብትወጡ ይሻላል። ባንኮክ ሆኖ ለዘመድ ውክልና ልኮ ማስጨረስ ይቻላል፣ ግን ያንከራትታል።

ሌላም አለ። ታይላንድ እንግሊዝኛን እንደ አፍ መፍቻ የሚናገሩ ብላ ከምትቆጥራቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። እንግሊዝኛው የቱንም ያህል ቢያምር የፈተና ውጤት ይጠየቃል፤ የተለመደው ልክ ቶይክ 600 ወይም አይኤልትስ 5.5 ነው። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ፓስፖርት የያዛችሁ ይሄ ላይመለከታችሁ ይችላል። ሌሎቻችን ግን ኮንትራት ሳንፈርም ብንፈተን ይሻለናል፣ ምክንያቱም ይሄ ውጤት የሚያስፈልገው ከቪዛው በፊት ለሚመጣው የድጋፍ ደብዳቤም ነው።

በድሮ ምክር መሄድ

አስተማሪዎች ምክር ይወዳሉ። «ጎህ ሳይቀድ ቪየንቲያን ቆንስላው በር ላይ ተሰለፍ፣ ፎርሙን ውጭ የሚሞሉልህ ልጆች አሉ፣ ፓስፖርትህን ትሰጣለህ፣ በማግሥቱ ከሰዓት ትወስዳለህ» የሚለው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ ኖሯል። በጊዜው ትክክል ነበር። ከጥር 2025 መጀመሪያ ጀምሮ ግን የታይላንድ ኢ-ቪዛ በሁሉም ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ሥራ ላይ ውሏል። ማመልከቻው ኦንላይን ነው፣ ሰነዱ ስካን ተደርጎ ይጫናል፣ ክፍያው (ለአንድ መግቢያ የ90 ቀን ኖን ቢ የተለመደው 2,000 ባት ነው) በሲስተሙ በኩል ነው፣ ውጤቱ በኢሜይል ይመጣል። አትማችሁ ትይዙታላችሁ።

ታዲያ ለምን እንወጣለን? ሲስተሙ ስታመለክቱ የት እንዳላችሁ ይጠይቃል፣ ማስረጃም ይፈልጋል። ቪየንቲያን ላለው ኤምባሲ የሚያመለክት ሰው ላኦስ ውስጥ መሆን አለበት። ባንኮክ ሆቴል ተቀምጦ «ላኦስ ነኝ» ብሎ የሚሞላ አለ። ይሄ ብልጠት አይደለም፣ ማመልከቻውን ውድቅ የሚያደርግ ውሸት ነው። የመመለሻ ትኬትም አስቀድማችሁ አትቁረጡ። ኢሜይሉ ሲመጣ ትቆርጣላችሁ።

ባቡሩም ተቀይሯል። የድሮ መመሪያ ሁዋ ላምፖንግ ጣቢያ ሂዱ ይላችኋል፤ የረጅም ርቀት ባቡሮች ከ2023 ጀምሮ የሚነሱት ክሩንግ ቴፕ አፊዋት ከሚባለው ትልቁ ጣቢያ ነው። ከሐምሌ 2024 ወዲህ ደግሞ ከባንኮክ እስከ ቪየንቲያን ድረስ የሚዘልቅ ባቡር አለ።

ላኦስም ቪዛ እንደምትጠይቅ መርሳት

ይገርማል ግን አለ። ሰው ስለ ታይላንዱ ቪዛ ሲጨነቅ ሰንብቶ የላኦሱን ሳያስብ ድንበር ይደርሳል። ላኦስ ድንበር ላይ ቪዛ የምትሰጠው ለሁሉም ፓስፖርት አይደለም። አስቡት፤ የታይላንዱ ኢሚግሬሽን የመውጫ ማህተም መትቶባችኋል፣ ላኦስ አላስገባም ብላለች፣ የነበራችሁ የታይላንድ ፈቃድ ደግሞ ስትወጡ አብቅቷል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ባንኮክ ካለው የላኦስ ኤምባሲ ጠይቆ፣ ካስፈለገም እዚያው ቪዛውን አስመትቶ ነው መነሳት ያለበት። እግረ መንገዳችሁን የምታመለክቱበትን የታይላንድ ቆንስላ በኢሜይል ጠይቁ፦ ላኦስ ነዋሪ ካልሆነ የናንተ አገር ዜጋ ማመልከቻ ይቀበላል ወይ? መልሱን አትማችሁ ያዙ።

ድንበር ላይ ቪዛ የሚሰጣችሁ ከሆነ ደግሞ ያልተቀደደና ያልቆሸሸ ዶላር ያዙ። በባት መክፈል ይቻላል ግን ይወደዳል። ድልድዩ በኛ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ነው የሚሠራው። ፓስፖርታችሁ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው፣ ባዶ ገጽም ይኑረው።

በበዓል ሰሞን መውጣት

ላኦስ ያለው የታይላንድ ኤምባሲ የታይላንድንም የላኦስንም በዓል ያከብራል። በፈረንጆቹ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ሁለቱም አገር አዲስ ዓመት ነው፣ ውሃ መራጨት ነው፣ ቢሮ ዝግ ነው። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2 የላኦስ ብሔራዊ ቀን፣ 5 የታይላንድ። በዚያ ላይ የትምህርት ዘመኑ ግንቦት አጋማሽ ላይ ሲከፈትና ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀምር አስተማሪ ሁሉ በአንዴ ይወጣል።

ሳያስፈልግ መውጣት

አንዳንዱ ጭራሽ መውጣት አልነበረበትም። ሰነዱ ከተሟላና የመቆያ ጊዜው ቢያንስ 15 ቀን ከቀረው፣ ታይላንድ ውስጥ እያለ ወደ ኖን ቢ ለመቀየር ኢሚግሬሽን ማመልከት ይችላል፤ ባንኮክ ከሆነ ቼንግ ዋታና ያለው ቢሮ ነው። ትምህርት ቤቶች ይሄን ብዙም አይነግሯችሁም፣ ምክንያቱም የነሱን ሥራ ያበዛል። ጠይቋቸው። ድንበር ላይ ለ15 ቀን በሚሰጠው ቪዛ ለገባ ሰው ግን ቀኑ ስለማይበቃው ይሄ መንገድ ዝግ ነው ማለት ይቻላል። ከአዲስ አበባ የምትነሱ ከሆነ ከመጀመሪያው ትክክለኛውን ቪዛ ይዛችሁ ብትነሱ ከዚህ ሁሉ ትድናላችሁ። የቢጫ ወባ ካርዱም አይረሳ።

ቪዛውን እንደ ሥራ ፈቃድ መቁጠር

ኖን ቢ ሥራ ለመጀመር አይበቃም። ወርክ ፐርሚት የሚባለው ሌላ ነው፣ የሚሰጠውም ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፣ የሠራተኛ ሚኒስቴር። ትምህርት ቤቱ «ነገ ክፍል ግባ፣ ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው» ሊላችሁ ይችላል። ሕጉ ግን ያለ ፈቃድ የሠራውን የውጭ ዜጋ ከ5,000 እስከ 50,000 ባት ይቀጣዋል፣ ከአገርም ያስወጣዋል። ትምህርት ቤቱም ይቀጣል፣ ግን እሱ አገሩ ነው።

ከ90 ቀኑ ውስጥ ወርክ ፐርሚቱን አውጥታችሁ፣ ከዚያ በ1,900 ባት ቆይታችሁን እስከ አንድ ዓመት ታራዝማላችሁ። እዚህ ላይ ሁለት ቀኖች ይምታታሉ። አንዱ ቪዛው ላይ ያለው፣ «እስከዚህ ቀን ግባ» የሚለው ነው። ሌላው ስትገቡ የሚሰጣችሁ፣ «እስከዚህ ቀን ቆይ» የሚለው። የምትኖሩት በሁለተኛው ነው። ካለፈ በቀን 500 ባት፣ እስከ 20,000 ድረስ። ከ90 ቀን በላይ ቆይቶ በራሱ ፈቃድ የወጣ ለአንድ ዓመት አይገባም፤ አንድ ዓመት ሳይሞላውም ቢሆን ተይዞ ከሆነ አምስት ዓመት።

ሪ-ኢንትሪ ሳይዙ መውጣት

ቆይታው ከተራዘመ በኋላ ሰው ይረጋጋል። ፋሲካን አገር ቤት ላሳልፍ ብሎ ይወጣል፣ ወይም ለቅዳሜና እሁድ ማሌዥያ ብቅ ይላል። ሪ-ኢንትሪ ፐርሚት (ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚወሰድ ፈቃድ) ካልያዘ የአንድ ዓመቱ ፈቃድ ኢሚግሬሽኑ ማህተም በመታበት ቅጽበት ይሰረዛል፣ ሁሉም ከሀ ይጀመራል። ለአንድ ጊዜ 1,000 ባት፣ ለብዙ ጊዜ 3,800 ነው። ዋና ዋና አየር ማረፊያዎች ላይም ይሰጣል፣ ግን በረራ ሊያመልጣችሁ እየተቃረበ ከመሟገት ቀደም ብሎ ቢሮ ሄዶ መጨረስ ይሻላል። ስትመለሱ ደግሞ ከግንቦት 2025 ጀምሮ የመግቢያ ካርዱ ኦንላይን ነው፣ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ይሞላል። ነጻ ነው። ገንዘብ ከጠየቃችሁ የተሳሳተ ገጽ ላይ ናችሁ።

ትምህርት ቤት ስትቀይሩም ተጠንቀቁ። የተራዘመው ቆይታ የታሰረው ከአሠሪው ጋር ነው፤ ሥራው ያበቃ ዕለት እሱም ያበቃል። አዲሱ ትምህርት ቤት ሰነዱን ሳያዘጋጅ የድሮውን አትልቀቁ፣ የመልቀቂያውን ቀን ሁለቱን አስማምታችሁ በጽሑፍ ያዙ፣ አለዚያ እንደገና የማታ ባቡር ወደ ኖንግ ካይ።