ሴንሰሩን እፍ አትበሉበት!

በቀደም ድሬዳዋ ከዚራ፣ ከዛፎቹ ስር፣ አንድ ጀማሪ ልጅ የሚረርለስ ካሜራውን ሌንስ ሲቀይር አየሁት። ሌንሱን ነቀለና የካሜራውን አፍ ወደ ሰማይ አድርጎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ሌላ ሌንስ ፍለጋ ቦርሳውን ይበረብራል። ሲመለስ አቧራ አየና በአፉ እፍ አለበት። አቦ፣ እፍ አትበሉበት! ትንፋሽ ምራቅ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ምራቁ ሴንሰሩን (ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚሰራውን ክፍል) በሸፈነው ስስ መስታወት ላይ ሲደርቅ ከአቧራው ይብሳል።

ዲኤስኤልአር (ውስጡ ማንጸባረቂያ መስታወት ያለውን ካሜራ) የለመደ ሰው ቢሳሳት አልፈርድበትም። እዚያ ሴንሰሩ ወደ ላይ ከሚነሳው ማንጸባረቂያ መስታወትና ከተዘጋው ሹተር (የሴንሰሩ መጋረጃ) ጀርባ ነበር። ሚረርለስ ማንጸባረቂያው መስታወት የለውም፣ አብዛኞቹ ላይ ሹተሩም ክፍት ሆኖ ነው የሚቆየው። ርቀቱም አጭር ነው፦ ከሌንስ መግጠሚያው እስከ ሴንሰሩ በካኖን ዲኤስኤልአር (ኢኤፍ) 44 ሚሊሜትር የነበረው በሚረርለሱ (አርኤፍ) 20 ሆኗል፣ በሶኒ ኢ 18፣ በኒኮን ዜድ 16 ብቻ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በነፋስ ሲነሳ የሚያርፈው ቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ነው።

ስለዚህ ካሜራውን አጥፉ። የአዲሱን ሌንስ የኋላ ክዳን ቀድማችሁ አላሉ። የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍታችሁ ቶሎ ቀይሩ። ባጃጅ ውስጥ እየሄዳችሁማ በጭራሽ! አቧራ ከገባ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ተጠቀሙ። ሲጠፋ ሹተሩ የሚዘጋ ካሜራ ካላችሁ ሹተሩን በጣት አትንኩት፣ ስስ ነው።

እኔም ተሳስቻለሁ። ወራት ሙሉ በኤፍ 2.8 (የሌንሱ ቀዳዳ ሰፍቶ) ሰው ብቻ ሳነሳ ከርሜ ሴንሰሬ ንጹህ መሰለኝ። የአንድ ቤተሰብ ፎቶ በኤፍ 16 (ቀዳዳው ጠብቦ) ሳነሳ ሰማዩ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነ። አቧራው ቁልጭ ብሎ የሚታየው የሌንሱ ቀዳዳ ሲጠብ ነው። ከስራ በፊት በኤፍ 16 ባዶ ሰማይ አንስታችሁ እዩ።

ሰርግ አዳራሽ ውስጥ ሌዘር መብራት ካለ ሌንሱን ወደዚያ አታዙሩ። ሚረርለስ ላይ ባታነሱም ሴንሰሩ ብርሃኑን እየተቀበለ ነው። ጨረሩ ያቃጠለው ፒክስል አይመለስም።

የድሬ ሙቀት ሌላው ጣጣ ነው። ሴንሰሩ ካሜራው በርቶ እስካለ ስለሚሰራ ይግላል፣ 4ኬ ቪዲዮ ሲቀረጽ ደግሞ ይብሳል። የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያስተካክል ሴንሰር ተንሳፋፊ ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ቦዲው በቀላሉ አይወጣለትም። ሲግል ምስሉ ላይ እንደ አሸዋ የሚታየው ነጠብጣብ (ኖይዝ) ይጨምራል። በአንዱ ቀረጻና በሌላው መካከል አጥፉት፣ ስክሪኑን ከቦዲው አርቁት፣ ጥላ ፈልጉለት። ደንገጎን አልፋችሁ ሐረር ስትገቡ ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ድምፅ አልባውን (ኤሌክትሮኒክ) ሹተር በኤልኢዲ መብራት ስር አትጠቀሙ፣ ምስሉ ላይ መስመር ይጥላል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሜካኒካሉ፣ በ1/50 ወይም በ1/100 ሰከንድ አንሱ።

ማታ ሐረር ጅብ ሲመገብ ለማንሳት የሚሄድ ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ ስለ ሜጋፒክስል ነው። በጨለማ የሚጠቅማችሁ የሴንሰሩ ስፋትና ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ነው፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ማድረግ ፈርታችሁ አጨልማችሁ አንስታችሁ በኮምፒውተር ለማብራት አትሞክሩ፣ እዚያው ከፍ አድርጉት።